የቺናትሱ ደሴት እንግዳ

ለልጄ ለሹንጂ፣ ባሕሩ ይራራልህ፤ እኛ ደህና ነን።

የላክኸው የእጅ ጌም ደረሰ። የመኪናው እሽቅድድም ራሴን አዞረኝ፤ ዓሣ የሚጠመድበትን ደሴት ግን ወደድኩት። ልጅህ ቺናትሱ «አያቴ፣ ዓሣውን ትተሽ ባሕሩን ልትጎትቺው ነው እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ።

በየቀኑ አንድ እንግዳ ወደ ጌሙ ደሴት እየመጣ አበባ ይተክልላታል። «አባዬ እኮ ነው፤ ስሜን ያውቃል» ትላለች። አንተ ግን «መርከባችን ላይ ኔትወርክ የለም» ብለኸኝ ነበር።

ትናንት እንግዳው በጌሙ ላይ የጻፈላትን መልእክት ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ «እሑድ ወደቡ ላይ ጠብቂኝ። ለአያትሽ እንዳትነግሪ።» እሷም ቀይ ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች።

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ እሑድ ያልፋል። ጫማዋን ከደጃፉ አንስቼ ደብቄያለሁ። አባትህ በዚያ ማዕበል ወጥቶ በቀረ ቀን የእሱን ጫማ አልደበቅኩም ነበር።

ሁላችንንም በደህና ያገናኘን።

እናትህ ኪኩዬ