በጥርጣሬ ስለ ታለፈብኝ ጽዋ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.፤ በተወለድሁ በ፸፰ ዓመት ከ፬ ወር ከ፯ ቀኔ።

ለተከበሩ አቶ ካሳሁን፣ የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጉና ብርድ አይንካዎ፣ ደረትዎ የጠራ፣ ጉሮሮዎም የለሰለሰ ይሁን እያልሁ፣ ከሩቅ፣ ይኸውም ከወንበርዎ እስከ ወንበሬ ራስዎ በለኩልኝ ርቀት ላይ ሆኜ፣ እጅ እነሣለሁ። አሥራ አራት ወር ስለ ሳልሁት ሳል ያሳዩኝን ትጋት በጓዳ ማመስገን ንፉግነት መስሎ ስለ ታየኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አክታዬን ሦስት ጊዜ አስመርምረው ሦስት ጊዜም የሳንባ ነቀርሳ እንደሌለብኝ ከተረዱ በኋላ፣ ውጤቱን ከማመን ይልቅ እኔን መጠርጠርዎን አደንቃለሁ። የደረት ራጁም ንጹሕ ሆኖ በመጣ ጊዜ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብዙ ሲመለከቱት፣ ሳንባዬ አንድ ነገር ደብቆኛል ብለው የተቀየሙት መሰለኝ።

ሁለተኛ፤ ይህ አልበቃ ብሎዎት፣ በየወሩ በ፲፪ የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን የጠጣንበትን ማኅበር መሪ፣ ሙሴአችንን አያ በላይነህን፣ መንገድ ላይ አስቁመው «እኒያን ሽማግሌ ለብቻቸው አስጠጧቸው» ማለትዎን ሰምቻለሁ። አያ በላይነህ የዋህ ሰው ናቸው፤ የመንግሥት ሰው ከተናገረ ነገር ቢኖረው ነው ብለው አመኑ። ጽዋው ሲዞር እኔን ዘልሎ አለፈና፣ በእጄ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማን ነጠላውን ወደ አፍንጫው እንደሚስብ፣ ማን ሰላምታውን በራስ ንቅናቄ ብቻ እንደሚጨርስ ስጠባበቅ እውላለሁ፤ መጠርጠርን በስተርጅና ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ውለታዎን አልረሳም።

ሦስተኛ፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ያገኘኋቸው የሳንባ ሐኪም፣ ዶክተር ሶስና፣ ጥፋቱ የሳንባዬ ሳይሆን የነርቭ መሆኑን አስረድተውኛል። ከጉሮሮና ከሳንባ ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርስ ነርቭ አለ አሉ፤ ካቻምና ነሐሴ የያዘኝ ጉንፋን ሲለቀኝ እርሱ ግን ከዘበኝነቱ አልወረደም፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ አየርም ሆነ የበርበሬ ሽታ፣ ሳቅም ሆነ ረዘም ያለ ንግግር፣ ጠላት መጣ ያሰኘዋል፤ አንጎልም የሰማውን አምኖ ሳል ያዝዛል። ይህን የሚገልጸውን ደብዳቤያቸውን ባቀረብሁልዎ ጊዜ «ነርቭ የእጅና የእግር ነው፤ ከሳል ምን አገናኘው?» ብለው መሳቢያዎ ውስጥ ከተቱት፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ነገሩን ሳስበው፣ ያስቀየመዎት የነርቬ ጠባይ የእርስዎን ጠባይ መምሰሉ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለታችሁም ጠላት ካለፈ በኋላ ባዶ ደጅ ትጠብቃላችሁ፤ ልዩነቱ ነርቬ ማኅተም የሌለው መሆኑ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኅዳር ፲፪ ማኅበሩን በቤቴ የማበላው እኔ ነኝ፤ አያ በላይነህ ግን ተራዬን ለሌላ ሊያስተላልፉ እንዳሰቡ እጠረጥራለሁ፤ ባያስተላልፉ እንኳ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠላዬ፣ ሌላው ከጽዋው ሲጠጣ እኔ ከኩባያ ልጠጣ ነው። ሳሌ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ የሚያስረዳ አንዲት መስመር ጽፈው፣ በዚያ በማይደክም ማኅተምዎ አትመው፣ ከዚያ ቀን በፊት ለአያ በላይነህ ይላኩልኝ። ከአፍዎ የወጣው በአንድ ጀምበር ከደረሳቸው፣ ከብዕርዎ የሚወጣው በሃያ ሁለት ቀን አይጠፋም።

በመጣሁ ቁጥር ስለሚከፍቱልኝ መስኮት ዘወትር የማመሰግንዎ፣

ገብረየሱስ ወርቁ፣ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፤ ለማኅበርተኛው ሁሉ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፤ ዶክተር ሶስና ሳሉ ሊመጣ ሲል ውኃ ጎንጨት ብዬ በአፍንጫዬ ቀስ እያልሁ እንድተነፍስ አስተምረውኛል፤ በዚህም ይህን ሁሉ ስጽፍ ሳል የመጣብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ማዕረግዎን ስጽፍ ነበር። በራስዎ ቤት ሦስት ጊዜ የተመረመረ ሰው ምራቅ አያስፈራምና፣ ውጤትዎን የሚያምኑ ከሆነ በባዶ እጅዎ መክፈትዎ አያስደነግጥዎ፤ ፖስታውን ዛሬ የማሽገው በምላሴ አርጥቤ ነው።