ሲጋራ በማጨስ ስለተከሰሰው ጠርሙስ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ከጤናዎም ለይቼ ሳንባዎ፣ እንደምን ሰንብቷል ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የሳይንስ መምህርትዎ፣ ትናንት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከለጠፉብኝ ማስጠንቀቂያ በቀር፣ ደህና ነኝ። ማስጠንቀቂያው በግቢው ውስጥ ሲጋራ መጨሱን ስለሚገልጽ፣ መልሴን እዚያው አጠገቡ ለጥፌያለሁ።

፩ኛ፦ ያጨሰው ጠርሙሱ ነው። በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ጥጥ ጨምሬ፣ በክዳኑ ቀዳዳ ሲጋራ ሰክቼ፣ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ጎኑን ጨመቅ ለቀቅ ሳደርገው ጭሱን ሳበ፤ ጥጡም ተማሪዎቼ እያዩት ቡናማ ሆነ። ሲጋራ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ ለሰባት ዓመት በጠመኔ ስዬ ያላስረዳሁትን፣ ጠርሙሱ በአንድ ሲጋራ አስረዳው። ስለዚህ ቅጣቱ ወደ እርሱ እንዲዛወር በትሕትና አመለክታለሁ።

፪ኛ፦ ማስረጃ ነው ብለው ጠርሙሱን ወስደውብኛል። ቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሲጋራ መተርኮሻዎ ጎን ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከወዳጅ አልተለየም።

፫ኛ፦ ማስጠንቀቂያው ራሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ግን እኔ አላነሳም፤ ለአለቃ እንዲህ አይባልም።

፬ኛ፦ ጥፋቴን አምኜ፣ ትምህርቱን ላልደግመው ቃል ገብቼ እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ እንደምሰናበት ገልጸውልኛል። አልፈርምም። ታላቅ ወንድሜ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሦስት ጊዜ እየቆመ ሲተነፍስ አይቻለሁ፤ ተማሪ ሳለ ይህን ጥጥ ያሳየው መምህር አልነበረም። ያናድደኛል፣ ዛሬም ድረስ ያናድደኛል። ለዓርብ ሁለተኛ ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ፤ የፊት ወንበርም ለእርስዎ ተይዟል።

ትምህርቴን ከአንድ ክፍል አውጥተው መላው ትምህርት ቤት እንዲነጋገርበት ስላደረጉልኝ እጅ እየነሳሁ፣ እስከ ዓርብ ድረስ በእርግጠኝነት የእርስዎ የሆንኩት፣

የሳይንስ መምህርት

ግልባጭ፦
ለጠርሙሱ (በእርስዎ በኩል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ የጠቆረውን ጥጥ በነጭ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጠርሙሱ ይቻላል፣ ሰው ግን ሳይረፍድበት ማቆም ነው ያለበት አልኳት። ልጅዎ ናት። ማታ ስታቅፍዎ ጆሮዋን ደረትዎ ላይ ከወትሮው በላይ ካቆየች፣ ምን እያዳመጠች እንደሆነ እንዲያውቁት ብዬ ነው።