ክፍል ሃያ ሰባትን ለምን ብቻህን ጻፍከው?

ከማልዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን ወጣ። በየሰላቴ አላህ ይርሐምህ እላለሁ፤ ዛሬ ግን የያዝኩልህ ቅሬታ ነው። ያለህበት ቦታ ሰው ይወቀስ አይወቀስ አላውቅም። እኔ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እዚያው ስካይላይን ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ኤሌቬተሩ እንደምታውቀው ነው፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ያኮርፋል። መነጽርህ ፍሪጁ ላይ እንዳስቀመጥከው አለ። የጻፍከው ድራማም ወጣልህ! ማን ያየዋል ሲሉህ የነበሩት ሁሉ ረመዳኑን ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የሐበሻ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀምጠው አዩት።

ያንን ረጅም የጃፓን ጥንታዊ ተረት ኤርፖርት ታክሲህን ይዘህ ወረፋ ስትጠብቅ በእንግሊዝኛ አንብበህ ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀብህ። ከዚያ ለዘመኑ ተመልካች ካላደረግኩት አልክ። የተረቱን መስፍን አምጥተህ የሊሞዚን ድርጅት ባለቤት አደረግኸው። ቤተ መንግሥቱን አፓርትመንት፣ የሚላላኩትን ግጥም ቴክስት አደረግኸው። የሰዉ ብዛት ደግሞ! ስም ሲምታታብኝ ዝርዝር ጽፈህ ፍሪጁ ላይ ለጠፍክልኝ። የአማርኛ ኪቦርድ ጠላትህ ስለነበር ከሥራ ስገባ አንተ እየተንጎራደድክ ትናገራለህ፣ እኔ እተይባለሁ። ስለ አንዷ ባለታሪክ፣ እሷማ እንዲህ አትልም ስልህ ትቆጣና፣ ትንሽ ቆይተህ በይ አጥፊው ትለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፤ እውነቴን ነው።

አንዲት ሴት ብቻ አስቸገረችህ። ተረቱ መሀል ላይ ሁሉን ትታ ተራራ ላይ ወዳለ ገዳም ትሄዳለች፤ ለምን እንደሄደች መጽሐፉ አይናገርም። ለጃፓኖቹ ይበቃቸው ይሆናል፣ የእኛ ሰው ግን ምክንያት ካልሰጡት ሪሞቱን አንስቶ ጣቢያ ይቀይራል አልከኝ። አንድ ወር ስትብሰለሰል ቆየህና፣ ክፍል ሃያ ሰባትን ራሴ እተይበዋለሁ፣ አንቺ ጣትሽን አሳርፊ አልክ። ያኔ በሽታው ጠንቶብህ ነበር። በሁለት ጣት ሳምንቱን ሙሉ ፊደል ስትለቅም፣ እኔ ሞኟ ለእኔ አዝኖ ነው ብዬ ሻይ በሻይ አደርግህ ነበር።

ክፍሉ መጀመሪያ ሲታይ የማታውን የተራዊሕ ሰላት ሄጄ አመለጠኝ። የኢድ ቀን ከሰዓት ደገሙት። ሐያት እዚሁ ቅርብ ካለው አሌክሳንድሪያ ልጆቿንና አንድ ትሪ ሳምቡሳ ይዛ መጥታ፣ ምሳ በልተን ሶፋው ላይ ነበርን። ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ ያስቸገረችህ ሴትዮ የስምንት ወር ልጇን እንደራስሽ አሳድጊያት ብላ ለእህቷ ሰጠች። በገዳሙ ፈንታ ዓረብ አገር ልትሄድ በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። የልጅቷን ቀይ ጫማ፣ የቀኙን ብቻ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከማል! የዚያን የቀኝ ጫማ ነገር በዚህች ምድር የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ አላህ ይርሐማትና እህቴ ፋጡማ፣ እና አንተ። ሐያት አክስቴ እያለች ትጠራኛለች እንጂ የወለድኳት እኔ ነኝ። የግራውን ጫማ ይዛ ነው ያደገችው፤ ሌላኛውን ጎርፍ ወሰደው እየተባለች። ዛሬም ሳሎኗ መደርደሪያ ላይ አለ። አንተም በእጅህ አንስተህ አይተኸዋል።

ሳንጋባ በፊት ነው የነገርኩህ። ለማንም አልናገርም ብለህ ቁርአን ላይ እጅህን ጭነህ ማልክልኝ። ፋጡማ ስትሞት እንግዲህ ንገሪያት አልከኝ። ትጠላኛለች አልኩህ። ከዚያ ወዲህ አላነሳህብኝም፤ እኔም የተስማማህ መሰለኝ። ለካ ምክንያት ያጣህላት ሴትዮ ምክንያት አግኝታ ነበር!

ሐያት አልጮኸችም። የያዘችው ሳምቡሳ እጇ ላይ ቀረ። አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ እኔን አየችና ልጆቿን ጃኬት ልበሱ አለቻቸው። ትንሿ በእንግሊዝኛዋ፣ አንቲ ለምንድነው የምንሄደው ብላ ጠየቀችኝ። ትሪያቸውን ጥለው ሄዱ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ኮል ባደርግም አላነሳችም።

ደግ አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ። ስትሞት እኔ ብቻዬን እንዳልቀር፣ ልጄ እንድታገኘኝ ብለህ ይሆናል። ይሁን። ግን እኔን ሳትጠይቀኝ? የዕድሜ ልክ ጭንቀቴን ሰው ሪሞቱን እንዳያነሳ ማድረጊያ አደረግኸው? ላንግሊ ፓርክ ያለ ሰው ሁሉ አልቅሶበታል አሉ። ልጄ ይህን ስትሰማ የእኔን ፊት ማየት ነበረባት፤ ያየችው የተዋናይቷን ነው። ተዋናይቷም ብትሆን ዓይኗን አሸች እንጂ አላለቀሰችም! እኔ እኮ ልጄን ትቼ የወጣሁ ቀን ኮምቦልቻ መናኸሪያ እስክደርስ ከእንባዬ የተነሳ መንገዱ አልታየኝም። ይህንንም ነግሬህ ነበር፤ እሱን ተውከው። ከድተኸኛል ከማል። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ሐያት ቴክስት ላከችልኝ። ቀኙ አንቺ ጋ ነው? ይላል። አክስቴ አላለችም። ሌላም ምንም የለበትም።

ጫማውን ከሻንጣዬ አወጣሁት። ትንሽነቱ! መዳፌን እንኳ አይሞላም። ቀለሙ ለቋል፣ ማሰሪያው ግን አሁንም ይቆለፋል። አዎ፣ ልመጣ ነው ብዬ መለስኩላትና ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ፤ ከእሷ በፊት ከአንተ ጋር መጨረስ ነበረብኝ።

አልረሳህም። እየተንጎራደድክ ስትናገር እኔ የተየብኩባቸውን ምሽቶች እስክሞት አስታውሳቸዋለሁ። ያንን ሻይ እየጠጣህ የጻፍከውንም አስታውሰዋለሁ። አንዱ ሌላውን አያስረሳኝም፤ እንግዲህ ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ።

አሁን አሌክሳንድሪያ ልሂድ። ትሪዋን አጥቤያለሁ፣ ጫማውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምርላት አላውቅም። ይሄኛውን ክፍል ግን እኔ ነኝ የምናገረው፤ አንተ ዝም ብለህ ስማ።

ሰዓዳ