ልጄ ስለ እኔ የጻፈችው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ያለውን ቢሮ አጽድቼ ቤት ስገባ ልጄ ማርታ የሶሲዮሎጂ የቤት ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ትታው ትምህርት ቤት ሄዳለች። ስለ ቤተሰብና ስለ ማኅበራዊ መደብ ነው። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስሜን አልጻፈችም፣ "እናት" ብቻ ነው የምትለው። "የእናት የትምህርት ደረጃ ዝቅተኛ ነው" ይላል። እናትየዋ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከፍታ እንድታነብላት ልጇን ትጠራለች፤ ይህም በሳይኮሎጂ ከልምድ የመጣ አቅመ ቢስነት ይባላል ብላለች።

ይህንኑ ቃል፣ ደጋግሞ ያልተሳካለት ሰው መሞከር ይተዋል ማለት ነው እያልኩ፣ ደሴ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ ለዕጩ መምህራን በጠመኔ እየጻፍኩ አስረድቻለሁ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወረቀቱን አሳየኋት።

"ዝቅተኛ ያልሽው ማንን ነው?"

"እማዬ፣ ለኮርስወርክ እኮ ነው።"

"እኔ ሳይኮሎጂ አስተምር ነበር።"

የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቴን ስታይ ግን ተወችው። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ወረቀቱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እዚህ እንደመጣሁ ለሥራ አፕላይ ያደረግሁበት ሁሉ ዲግሪዬን አልቀበልም ብሎ ደብዳቤ ሲልክልኝ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፤ ደብዳቤም ራሴ መክፈት ተውኩ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላነሣሁም። መምህርቷንና ወለል የምትወለውለውን ሴት አስተያይታ እንድታዝንልኝ አልፈለግሁም። ይኸው አሁን ጭራሽ አታውቀኝም።

"ነገ ነው የማስረክበው፤ ላስተካክለው?" አለችኝ።

እንድታስተካክለው ልቤ ፈልጎ ነበር። አፌ ግን "ያየሽውን ነው የጻፍሽው፣ ተይው" አለ።

እሷም ተወችው።