ከፈረሰው ሰባተኛ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ

ለተከበሩ የመንግሥት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የቢሮዎ ቧንቧም ውኃ የማያቋርጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሰባተኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ከፈረስኩ ስድስት ዓመት ቢሞላኝም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ የመኖሪያ መንደራችንን አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ያሳተመውን የታሪክ መጽሐፍ በደስታ አነበብን። ቁልፍ የተረከብንበት ቀን፣ በጋራ የቆፈርነው የውኃ መስመር፣ ሁሉም በየገጹ ሰፍሯል፤ የእርስዎም ፎቶግራፍ አራት ቦታ ላይ ወጥቷል። ገጽ ሃያ ሦስት ላይ «ሰባተኛው ሕንፃ በእርጅና ምክንያት ከስድስት ዓመት በፊት በሰላም ፈርሷል» የሚለውን ስናነብ ግን፣ እዚያው ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ስለነበር ጥቂት ደንገጥ ብለናል። ጡረተኛው የሂሳብ መምህር ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ኧረ ቆሟል!» ቢሉም፣ መጽሐፍ ዋሽቶ አያውቅምና ዝም አሰኘናቸው።

ምስጋናችንን ሳንጨርስ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና እናቀርባለን።

1ኛ. የውኃ ፓምፓችን ከተቃጠለ አምስት ወሩ ነው። ለማመልከት ስመጣ የጥገና ክፍል ባልደረባዎ መጽሐፉን ገልጠው አሳዩኝና «አባቴ፣ ለሌለ ሕንፃ ፓምፕ አይታዘዝም» አሉኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ መኖሬን ባያምኑም ወንበር ሰጥተውኛል።

2ኛ. ውኃ ከግቢው በር ተሸክመን ስንወጣ ጉልበታችን ይከዳናል። የፈረሰ ደረጃ እንዲህ ያደክማል ብሎ ማን ገምቶ! እኔ በየማለዳው ሁለት ጀሪካን አወጣለሁ፤ አንዱ የራሴ፣ ሌላው በአምስተኛ ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩ የሰማንያ ሁለት ዓመት እናት ነው። ባለፈው ሳምንት ወገቤን አሞኝ ሁለት ቀን ብቀር፣ በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ደርቆ አገኘኋቸው። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና ቀልዱን ለአፍታ ልተወው፤ በጣም ተናድጃለሁ።

3ኛ. ወደ ቀልዳችን እንመለስና፣ የመጽሐፉ ተጨማሪ ሃምሳ ቅጂ ይላክልን። በሠፈራችን ላሉ ሌቦች አድለን፣ ሕንፃው እንደሌለ አንብበው እንዲተዉን አስበናል። ጥበቃችንም ከእንግዲህ ያለ ሐሳብ ይተኛል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያድርጉልን፤ ወይ ፓምፑን ይላኩልን፣ ወይም ራስዎ መጥተው መፍረሳችንን በዓይንዎ አይተው ያስረዱን። ሲመጡ ጀሪካን ይዘው ቢመጡ ደግሞ ውለታዎ እጥፍ ይሆናል።

ከፍርስራሹ መካከል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣
የሌለው ሕንፃ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ የአምስተኛ ፎቋ እናት ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፉን አላነበቡም። እንዳነብላቸው ሲለምኑኝ ገጽ ሃያ ሦስትን ዘልዬ፣ የእርስዎን ፎቶግራፍ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ግድግዳው ላይ፣ በልጅነትዎ እዚያው ቤት በር ላይ ከተነሡት ፎቶግራፍ ጎን ለጥፈውታል። «ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ፣ ቤቱን መች ያጣዋል» ይላሉ።