ኮኩ እና የለምለም ክፍል

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1956

ለምለም ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን እወቂ፦ በግቢያችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እሱም ከጅማ ስትመለሺ ክፍልሽ ይሠራበታል ብለን የተውነው ነው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በጣሳ ያበቀለችው ኮክ ደግሞ ጥላ ውስጥ ቀርቷል።

በሰኔ መሬት ሳወርደው ፀሐይ ሞልቶት ነበር። አሁን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለዞረች የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነበች ባሕር ዛፍ ከረፋድ ጀምሮ ይጋርደዋል። ጡረታ እስክወጣ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ይህን ረሳሁ።

ረቡዕ

ወይዘሮ ዘነበችን አጥሩ ሥር አገኘኋቸው። ባሕር ዛፉን መቼ እንደሚያስቆርጡ ጠየቅኩ።

«ለልጄ ሰርግ፣ ለዳሱ።»

«ሰርጉ መቼ ነው?»

«እጮኛ ስታገኝ ነዋ፣ ጋሽ ታደሰ። እርስዎስ ያን ባዶ መሬት ለማን ነው ያስቀመጡት?»

«ለለምለም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ልጅ ነው የምንጠብቀው። ምን ያነጫንጭዎታል?»



ሐሙስ

ሌላ ቦታ ፈለግኩ።
ምሥራቁ ግድግዳ ሥር፦ ፀሐይ የጠዋት ብቻ።
ወደ ቀበና ወንዝ የሚያዘቀዝቀው ጥግ፦ ውርጭ ይተኛበታል።
አጥሩ ዳር፦ ጌሾው ይዞታል።
የቀረው ያንቺው ነው።

ከሰዓት በኋላ አካፋ ይዤ ሄድኩ። አብረን ለመሠረቱ የደረደርነውን ድንጋይ ሣር ውጦታል። ሁለቱን አነሣሁ፣ ሦስተኛው ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ ሁለቱንም መለስኳቸው። አንዱ እንደ ድሮው አልገጠመም።

ሎሚው አብቧል። ለእናትሽ ላሳያት ብዬ ወደ ቤት ዞርኩ፤ በሩ እኔው እንደዘጋሁት ነው።

ዓርብ

ከእንጦጦ የወረደው ብርድ ኮኩን የመጨረሻ ቅጠሉን አራገፈው። ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተከለው እንዲህ እንደተኛ ነው፤ ካቆጠቆጠ በኋላ ሥሩ ከተነካ አይተርፍም። እምቡጦቹን ዳሰስኳቸው። ማበጥ ጀምረዋል።

ወይዘሮ ዘነበች «ወሰኑ?» አሉኝ።

«የቦታውን ባለቤት ልጠይቅ» አልኳቸው።

«ጎሽ፤ ባሕር ዛፌም ትንሽ ይረፍ» ብለው ሳቁ።

እነዚህን ገጾች ከደብተሬ ቀድጄ ነገ ፖስታ ቤት አስገባቸዋለሁ። የምትመጪ ከሆነ ድንጋዩ ይቆይ፤ ኮኩንም እዚያው ጥላው ውስጥ የሆነውን ይሁን ብዬ እተወዋለሁ። የማትመጪ ከሆነም ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም፣ እተክልበታለሁ። ብቻ እምቡጡ ሳይፈነዳ፣ ልጄ፣ ቶሎ መልስ ጻፊልኝ።