አባዬ ያሸገው ጌም

ውድ እህቴ ሚጣዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ አባዬ ስላዘዘኝ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

ልታገቢ ሦስት ቀን ሲቀርሽ፣ ሻንጣሽን እያዘጋጀሽ፣ የመኪናውን ጌም ዲስክ እንደምትወስጂ ነገርሽኝ። በገዛ ደመወዝሽ የገዛሽው ነውና ምን እላለሁ? ግን አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰዓቱን የሚገፋው በእሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ዕድሜውን በዳኝነት የጨረሰ ሰው፣ በጌም ውስጥ እንኳ ቀይ መብራት ሲያይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁልጊዜ መጨረሻ ይወጣል፤ ፖሊስ አሳድዶት ግን አያውቅም።

ስለዚህ አንቺ ልብስ ልትለኪ ስትወጪ፣ የጌም ማጫወቻውን ከነዲስክሽ በፌስታል ጠቅልዬ መታጠፊያው ጋ ላለው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰድኩት። ከፍቶ መገልበጥ የሚከለክለውን የውስጡን መቆለፊያ ሰበረና ጌሙን እዚያው ማጫወቻው ላይ ገለበጠልኝ። «ሕጋዊ ነው ግን?» ብዬ ስጠይቀው፣ እሱ የሚፈታው ብሎን ብቻ እንደሆነ፣ የሕጉን አባቴን ብጠይቅ እንደሚሻል ነገረኝ።

ዲስክሽን ይዘሽ ከሄድሽ በኋላ ወር ሙሉ ሰላም ነበር። ባለፈው ማክሰኞ አባዬ አቧራ ላራግፍ ብሎ የዲስኩን ማስገቢያ ቢከፍተው ባዶ ነው። መነጽሩን አደረገ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ጠራኝ። ሶፋው ላይ እንኳ ሳልቀመጥ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የገዛነውን ነው የገለበጥነው፣ አልሸጥነውም ብዬ ተከራከርኩ።

«ማን ነው የገዛው?» አለኝ።

«ሚጣ።»

«ዲስኩስ?»

«እሷ ጋ።»

«ታዲያ ይሄ ቅጂ የማን ነው?»

ሁለት ቀን የሕግ መጻሕፍቱን አውርዶ ሲያገላብጥ ሰነበተ። አንዱ ገጽ ለራስ መጠባበቂያ መያዝን የሚፈቅድ ይመስላል፤ ሌላው መቆለፊያ መስበርን የሚከለክል ይመስላል። ምሳው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ወር ሙሉ ስጫወትበት የከረምኩ ሰው በዚህ ጉዳይ አልፈርድም። ባለንብረቷ ትወስን» አለ። ማጫወቻውን በፕላስተር አሽጎ፣ ፕላስተሩ ላይ ፈርሞ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለው። አሁን ከሰዓት ከሰዓት የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ትናንት ጎረቤታችን እንዴት ነህ ብትለው፣ «ቀጠሮ ላይ ነኝ» አላት።

ለአባዬ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ያስገለበጥኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ጓዳ ሆኜ የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ሳሎን ያለሽ ይመስለኛል። «አባዬ ንዳው እንጂ፣ ማንም አያይህም!» እስክትይ ድረስ ጆሮዬን አቆማለሁ። ከዚያ መሄድሽ ትዝ ይለኛል። ስሄድ አላለቀሰችም ብለሽ አምተሽኛል አሉ። እኔ እንዲህ ነው ያለቀስኩት፣ ጠጋኝ ቤት ሄጄ።

ፈቅጃለሁ ብለሽ ፈርመሽ ብትልኪ አባዬ ይቀበላል። እኔ ግን ፖስታ ቤት አላምንም፤ ባለጉዳይዋ ራሷ ብትቀርብ ይሻላል። እሁድ የትም አንሄድም።

ጥፋቷን ያመነችው
እህትሽ